ደንበኛ ሲሄድ አይሰናበትም!

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። ከሥሩ ደግሞ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ንጉሡ ገና ከደጃፉ ሳያልፍ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተሰጠው ማለት ነው! ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ደግሞ ባለሱቁ ዓይኑን ከሞባይሉ ሳይነቅል «ምን ነበር?» ይለዋል። እስቲ በሞቴ፣ እንዲህ የሚስተናገድ ንጉሥ በየት አገር ታይቶ ያውቃል?

ውድ አንባብያን፣ እኔ ነጋዴ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህም የንግድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ነገር ግን እንደማናችሁም ደንበኛ ነኝ። ከጉሊት ቲማቲም እገዛለሁ፣ ጸጉሬን እሠራለሁ፣ ልብስ አሰፋለሁ፣ ካፌ እቀመጣለሁ። ነጋዴ ሁልጊዜ የሚቆመው ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ስለሆነ፣ ከወዲህ በኩል የቆመው ሰው ምን እንደሚሰማው ማየት ይቸግረዋል። የዛሬው ጽሑፌ ከወዲህ ማዶ ላለው ጠበቃ፣ ከወዲያ ማዶ ላለው ደግሞ መካሪ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ብዙ ሰው ትንሽ ንግድ ሲከፍት የሚጨነቀው «አዲስ ሰው እንዴት ላምጣ?» በሚለው ነው። በሩ ላይ ፊኛ ይሰቅላል። ሙዚቃ አስጩሆ ሰፈሩን ያውካል። በቴሌግራምና በቲክቶክ ያስተዋውቃል። ይህ ሁሉ ክፋት የለውም። ዳሩ ግን በፊት ለፊት በር አዲስ ሰው ሲገባ በጓሮ በር የድሮው እየወጣ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይኼኔ ነው።

ችግሩ የብብቱ ሲወድቅ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደብዳቤ ያስገባል። ተከራይ ቤት ሲለቅ ቁልፍ ያስረክባል። ደንበኛ ግን ሲሄድ አይሰናበትም። ዛሬ ይቀራል፣ ነገም ይቀራል፣ በቃ። ባለቤቱ ታዲያ «ዘንድሮ ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ ኑሮው ከብዶ ሰው እጁ አጥሯል። አንዳንዴ ግን ገበያው አልቀዘቀዘም፤ ሁለት ቤት አልፎ ጎረቤት ገብቷል።

የማኪያቶው ሂሳብ

በሰፈራችን ጡረታ የወጡ አንድ ሰው አሉ። ጠዋት ጠዋት አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከሁለት የዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው ማኪያቶ መጠጣት የዓመታት ልማዳቸው ነበር። አንድ ቀን ከመልሳቸው ላይ አምስት ብር ጎደለ። ሲጠይቁ አስተናጋጇ «ዝርዝር የለም» አለቻቸው። «እንግዲያው ለነገ ያዥልኝ» ሲሏት ሂሳብ ተቀባይዋ ከወዲያ ሆና «ጋሼ ደግሞ በአምስት ብር እንዲህ ይሆናሉ እንዴ!» ብላ ጮኸች። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ዞር ብሎ አያቸው። ሰውየው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ያንን በረንዳ ረግጠውት አያውቁም።

እስቲ እስክሪብቶ አንሡና አብረን እናስላ። አንድ ማኪያቶ 50 ብር ነው እንበል። እሑድ እሑድ እንደማይጠጡ አድርገን በወር 26 ቀን ብንቆጥር 1,300 ብር ይሆናል። በዓመት 15,600 ብር። ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ተከትለዋቸው ስለሄዱ በሦስት ስናባዛው 46,800 ብር! ሁሉም ትርፍ አይደለም፣ ወተትም ስኳርም የቤት ኪራይም ይወጣበታል። ቢሆንም ያ ካፌ በአምስት ብር ምክንያት የዓመት 46,800 ብር ሽያጭ አጣ። ባለቤቱ ደግሞ እስከ ዛሬ አያውቅም። ማን ይንገረው?

ልብ በሉ፣ ሰውየውን ያስከፋቸው አምስት ብሩ አይደለም። በስተርጅና ሰው ፊት ስስታም መባላቸው ነው። ሰው የጎደለ ገንዘቡን ቶሎ ይረሳል። የተዋረደበትን ቦታ ግን አይረሳም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ዝርዝር አዘጋጅቶ መያዝ አንዱ የሥራ መጀመሪያ መሆን አለበት። በዝርዝር ፈንታ ማስቲካና ከረሜላ ማስታቀፍም ቢቀር ይሻላል፤ ሰው የፈለገው መልሱን እንጂ ማስቲካ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሳንቲም ባይኖርም በስልክ ሂሳብ መላክ ተችሏል። እሱም ካልሆነ «የአምስት ብር ዕዳ አለብኝ» ብሎ በነጋታው ደንበኛው ሳይጠይቅ መስጠት ነው። እመኑኝ፣ ሳይጠይቅ አምስት ብር የተመለሰለት ሰው ያንን ቤት ለአሥር ሰው ያወራለታል።

ሲመጣ ወርቅ፣ ሲከርም ብረት

ስለ እንግዳ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት። ብዙ የንግድ ቤት ደንበኛን የሚይዘው እንዲሁ ነው። አዲስ የመጣው ይሳቅለታል፣ ወንበር ይሳብለታል፣ ዋጋ ይቀነስለታል። ዓመት ሙሉ የተመላለሰው ግን «የቤት ሰው» ይባልና ጥግ ይይዛል።

በተለይ የሴቶች ጸጉር ቤት ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ቀድመሽ ደርሰሽ ተቀምጠሻል። አንዲት አዲስ ሴት ዘንጣ ትገባለች። ባለቤቷ ወደ አንቺ ዞር ብላ «አንቺማ የኛው ነሽ፣ ትንሽ ታገሺኝ እሺ የኔ ቆንጆ?» ትልሻለች። ትንሽ የተባለው አንድ ሰዓት ከግማሽ ይሆናል! እኔ ራሴ አንድ ጸጉር ቤት ውስጥ ሦስት ቅዳሜ ተከታታይ እንዲህ «የቤት ሰው» ተብዬ ስቀመጥ በአራተኛው ቅዳሜ እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ቤት ወሰደኝ። ከዚያች ሴት ጋር አልተጣላንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እስከ ዛሬ እንሳሳማለን። «ምነው ጠፋሽ?» ትለኛለች፣ «ሥራ በዝቶብኝ» እላታለሁ። እንግዲህ ምን ልበላት?

ጓደኞቼ፣ «የቤት ሰው» ማለት ቀድሞ የሚስተናገድ ማለት ቢሆን ምን አለበት? ቢያንስ በተራው ይስተናገድ። ለአዲስ ሰው የሚደረገው ቅናሽ ለነባሩ ካልተደረገ፣ ነባሩ በሰማ ቀን እንደ ሞኝ የተቆጠረ ይመስለዋል። እናም ቅናሽ የምታደርጉ ከሆነ ከነባሩ ጀምሩ። ለምሳሌ ዘጠኝ ጊዜ የተሠራች ሴት አሥረኛውን በነፃ እንድትታጠብ ማድረግ ይቻላል። ፈረንጆቹ በካርድና በኮምፒዩተር ይሠሩታል። የራሳችን አየር መንገድም ሸባ ማይልስ ብሎ ለሚመላለስ መንገደኛ ነጥብ ይቆጥራል። እናንተ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃችኋል።

ሳላነሳው የማላልፈው ሌላ ነገር ደግሞ ሐሜት ነው። አንዷ ከወንበሩ ተነሥታ ከመውጣቷ «ባሏ እኮ…» የሚጀመርበት ጸጉር ቤት አለ። የተቀመጡት ይስቃሉ። ነገር ግን እያንዳንዷ በልቧ «እኔስ ስወጣ ምን ይባል ይሆን?» ትላለች። ሐሜት ሰው የሚያጫውት ይመስላል እንጂ አንድ በአንድ በር የሚያስወጣ ነው። ደንበኛ ጸጉሯን ብቻ ሳይሆን ምስጢሯንም አምናችሁ ሰጥታችኋለችና ጠብቁላት።

ሚዛንና ምራቂ

«መርቂልኝ እንጂ!» ማለት የገበያችን ባህል ነው። ጤፍም ይሁን በርበሬ፣ ጎመንም ይሁን ድንች፣ ሻጭ በመጨረሻ አንድ ጭብጥ ጣል ታደርጋለች። ያቺ ምራቂ ከዋጋ አንፃር እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ገዢዋ ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ የምታስበው ያቺን ጭብጥ ነው። የሂሳብ ነገር ሳይሆን የመልካም ፊት ነገር ነው።

ዳሩ ግን ምራቂ ዋጋ የሚኖረው ሚዛኑ ሙሉ ሲሆን ነው። ከኪሎው ላይ ሰርቆ በምራቂ የሚመልስ ሰው አለ! ጉሊት ላይም ከመደቡ አናት ያማረውን ቲማቲም ደርድሮ ከሥር የላሸውን የሚደብቅ ሞልቷል። አንድ ቀን ይሸጣል። ገዢዋ ማታ ቤቷ ገብታ ፌስታሉን ስትዘረግፍ ግን የዛሬን ብቻ ሳይሆን የነገንም ገበያ አብሮ ደፋው ማለት ነው።

እኔ ቲማቲም የምገዛቸው እናት ሌላ ዘዴ አላቸው። የላሸውን ለብቻ ይደረድሩና «ይኼ ለዛሬ ወጥ ይሆናል፣ ለነገ ግን አይቆይም» ብለው በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ። ከጎናቸው ከእሳቸው የረከሰ አለ። ነገር ግን «እማማ፣ የቱ ይሻለኛል?» ብዬ ስጠይቃቸው እውነቱን እንደሚነግሩኝ ስለማውቅ አልፌ አልሄድም። አንዳንዴም «ዛሬ ቃሪያው ደኅና አይደለም፣ ተይው» ይሉኛል። ያን ዕለት ቃሪያ አልሸጡም። እኔን ግን ለዓመት ገዙኝ።

«ነገ ነይ»

የልብስ ሰፊዎች ነገርስ! ለእኅትሽ ሠርግ የሚለበስ ቀሚስ ታሰፊያለሽ። ሐሙስ ይደርሳል ይባላል። ሐሙስ ስትሄጂ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። «ነገ ነይ።» ዓርብ «መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ነገ ጠዋት ነይ።» ቅዳሜ ቁልፉ ሳይተከል፣ ዘርፉ ሳይገባ ተቀብለሽ እያለቀስሽ ትወጫለሽ። ልብስ ሰፊው በሙያው አንደኛ ሊሆን ይችላል። ግን ለሠርግ ቀን ያልደረሰ ቀሚስ ምን ያደርጋል?

ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። ልብስ ሰፊዎች የሚዋሹት ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ሥራው ሌላ ሰው ዘንድ እንዳይሄድ ሲሉ ለሁሉም «እሺ» ይላሉ። በተለይ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ። «እሺ» ያሉት ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲደራረብ ሁሉንም ያስቀይማሉ።

ለዚህ የሚሆን ምክር አለኝ። አንደኛ፣ ሐሙስ እደርሳለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ቅዳሜ በሉ። ሐሙስ ካደረሳችሁ ደንበኛው በደስታ ይሞታል። ሁለተኛ፣ በሳምንት ስንት ልብስ መስፋት እንደምትችሉ ቁጠሩና ከዚያ በላይ አትቀበሉ። «ለዚህ በዓል አልደርስልሽም፣ ከበዓል በኋላ ግን ጥሩ አድርጌ እሠራልሻለሁ» የሚል ልብስ ሰፊ አንድ ሥራ ቢያጣ እምነት ያተርፋል። ሦስተኛ፣ መዘግየቱ ካልቀረ ሰውየው ታክሲ ተሳፍሮ ሳይመጣ ደውሉለት። ያለ ሥራ የተንከራተተበት መንገድ ነው የሚያበሳጨው።

ቅሬታ የሚያመጣ ሰው ዘመድ ነው

ቅድም ያልኳችሁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ነገር ከነከነኝ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ወረቀት ስለተለጠፈ ብቻ ነገሩ ያለቀ አይምሰላችሁ።

ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ የተሰበረ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ምን እያላችሁ እንደሆነ አስቡ። «ካንተ ጋር መቀጠል እፈልጋለሁ፣ ይህን ብቻ አስተካክልልኝ» እያለ ነው። መቀጠል ያልፈለገውማ ዕቃውን ወርውሮ ሌላ ሱቅ ሄዷል። ስለዚህ ቅሬታ ይዞ የመጣ ሰው ጠላት ሳይሆን ዘመድ ነው። ሕመማችሁን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ደንበኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው» የሚለውን የፈረንጅ አባባል የምታነሡ ትኖራላችሁ። ይህን ካስፋፉት አንዱ በ1909 እ.ኤ.አ ለንደን ላይ ትልቅ መደብር የከፈተው ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ ነው። እኔ ግን በሙሉ አልስማማም። ሰክሮ አስተናጋጅ የሚሳደብ፣ አንድ ወር ለብሶ «ልኬ አይደለም» የሚል ደንበኛም አለ። ሁሉም ትክክል አይደለም፤ ሁሉም ግን መደመጥ አለበት። መጀመሪያ ጨርሶ እስኪናገር መስማት፣ ቀጥሎ «ይቅርታ» ማለት፣ ከዚያ የሚቻለውንና የማይቻለውን በለሰለሰ አንደበት መንገር። ጥያቄው ባይሳካለት እንኳ ተከብሮ የወጣ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ዋጋ ሲጨምር

በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ ነጋዴም ሸማችም ያውቀዋል። ዋጋ አትጨምሩ ብዬ አልመክርም፣ ከስሮ የሚነግድ የለም። ጥያቄው እንዴት ትጨምሩ የሚለው ነው።

ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት እኅት አውቃለሁ። ከቤቷ ደጃፍ ላይ ሽሮ ቤት ከፍታ ትሠራለች። ደንበኞቿ የሕንፃ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና በአቅራቢያዋ ያለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ናቸው። የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያች ሽሮ ነው የሚወጣው። ጤፉም ዘይቱም ሽንኩርቱም ሲወደድ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ነበር። አንድ ሰው «ሽሮውን ትንሽ አቅጥኚው፣ ማን ያውቅብሻል?» ብሎ መከራት። እሷ ግን ሌላ መረጠች። ከሳምንት በፊት ጀምራ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሂሳብ ሲከፍል «ከመጪው ሰኞ ጀምሮ አሥር ብር ልጨምር ነው። ሽሮዬን ከማቀጥን ብዬ ነው፣ አትቀየሙኝ» አለች። ላልቻለ ሰው ደግሞ ግማሽ ሽሮ በግማሽ ዋጋ ጀመረች።

ሁለት ሦስት ሰው ቀረባት። ሌላው ግን አጉረምርሞ ቆየ። እንዲያውም ከቀሩት አንዱ በሦስተኛው ሳምንት «እዚያ ማዶ ሽሮው ውኃ ሆነብኝ» ብሎ ተመለሰ። ያ የማዶው ቤት ዋጋ አልጨመረም ነበር፣ ድስቱ ውስጥ ውኃ ነው የጨመረው። ምን አለፋችሁ፣ የደንበኛ ምላስ ከኪሎ ሚዛን ይበልጣል። ዋጋ ሲጨመርበት ያዝናል፤ ሲታለል ግን ይሄዳል።

ይህችን ሴት የማደንቅበት ሌላም ነገር አለ። ማን ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም፣ ማን ቃሪያ እንደማይበላ፣ ማን ጨጓራው እንደሚያመው ታውቃለች። የጾሙን ድስት ከፍስኩ ለይታ ታስቀምጣለች። በረመዳን ሙስሊም ደንበኞቿ ምሳ ባይበሉም ለአፍጥር ሰዓት ተምርና ሳምቡሳ አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች። ወሩ ሲያልቅ እነሱም ወደ ምሳቸው ይመለሳሉ። ለዚህ ሁሉ ያወጣችው ገንዘብ ጥቂት ነው። ልብ ማለት ነው የፈጀባት።

ዕዳ ያለበት ደንበኛ በሌላ መንገድ ይዞራል

ዱቤ የሰፈር ሱቅ የጀርባ አጥንት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ስኳርና ዘይት የሚያበድር ባለሱቅ ስንቱን ቤት ከመከራ አውጥቷል! ግን ዱቤ ደንበኛ እንደሚያመጣ ሁሉ ደንበኛ ያስጠፋል።

እንዴት መሰላችሁ? ዕዳው የተጠራቀመበት ሰው በሱቃችሁ በር ማለፍ ያፍራል። ዙሪያውን ዞሮ በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ ይገባል። ይባስ ብሎ እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሌላ ሱቅ ሄዶ ይገዛል፣ እናንተ ዘንድ ከመጣ ዕዳውን ትጠይቁታላችኋ! ስለዚህ ገንዘባችሁንም ሰውየውንም አጣችሁ ማለት ነው።

ለዚህ ዱቤ ከመጀመሪያው ልክ ይኑረው። አንድ ሰው በወር ሊከፍል ከሚችለው በላይ አትስጡት፤ ርኅራኄ ይመስላል እንጂ ወጥመድ ነው። ጻፉት፣ እሱም እያየ ይጻፍ። ስትጠይቁት ደግሞ ሰው በሌለበት ጠይቁት። «ያ ብር እንዴት ሆነ?» ብሎ በሠልፍ መካከል መጮህ የማኪያቶውን ታሪክ መድገም ነው። ከበዛበት «በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ስጠኝ፣ ዕቃህን ግን ከእኔው ውሰድ» በሉት። አንገቱን ቀና አድርጎ በበራችሁ ማለፍ ሲችል ዕዳውም ይከፈላል፣ ሰውየውም ይቆያል።

ወረቀቱም ከበሩ ጋር ፈረሰ

በ2016 ዓ.ም ፒያሳ አካባቢ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ወደየሰፈሩ ተበተኑ። ከእነዚህ መካከል ጎን ለጎን ጸጉር ቤት የነበራቸውን ሁለት ሴቶች ታሪክ ልንገራችሁ። አንደኛዋ በሯ ላይ «ወደ እንትን ሰፈር ተዛውረናል» የሚል ወረቀት ለጥፋ ሄደች። በሩ ሲፈርስ ወረቀቱም አብሮ ፈረሰ። ደንበኞቿ ቢፈልጓት የት ያግኟት? ስማቸውን ታውቃለች፣ ፊታቸውን ታውቃለች፣ ስልካቸውን ግን አንዲትም አልያዘችም። አዲሱ ሰፈር ውስጥ እንደ ጀማሪ ከዜሮ ተነሣች።

ሁለተኛዋ ግን አንድ ያረጀ ደብተር ነበራት። ማን መቼ እንደተሠራች፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባች፣ የትኛው ቅባት እንደማይስማማት፣ ከጎኑ ደግሞ ስልክ ቁጥር። ለሁሉም አንድ በአንድ ደወለች፣ ላላነሡት መልእክት ላከች። ሁሉም አልመጡም፣ መንገዱ ለብዙዎቹ ራቀ። የመጡት ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት የቤት ኪራይ ሸፈኑላት። ሁለቱም በሙያቸው እኩል ነበሩ። የለያያቸው ያ ደብተር ነው።

ስለዚህ ነጋዴ ሆይ፣ የደንበኛህን ስልክ ያዝ! አስፈቅደህ ያዝ፣ ለሌላ ሰው አትስጥ፣ በየቀኑ በማስታወቂያ አታሰልች። በቁም ነገር ጊዜ ብቻ ተጠቀምበት። የሥጋ ቤቶችን ተመልከቱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያን ያህል ጊዜ ከቤቱ የራቀ ደንበኛ ለፋሲካ ወደ እናንተ እንደሚመለስ በምን ታውቃላችሁ? ብልጥ ባለ ሥጋ ቤት በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «እንደ አምናው ሦስት ኪሎ ላስቀምጥልዎት?» ብሎ ይደውላል። አምና ስንት ኪሎ እንደወሰደ የሚያስታውስለትን ሰው ማን ትቶ ይሄዳል? ለአዲስ ዓመት የሚታደለው ካላንደርም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም። ግድግዳ ላይ አሥራ ሦስቱንም ወር ስማችሁንና ስልካችሁን ተሸክሞ ይውላልና ቅድሚያ ለነባር ደንበኛ ይሰጥ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህን ሁሉ ባለቤቱ ቢያደርግና ሠራተኛው ባያደርግ ዋጋ የለውም። ደንበኛ የሚያየው የአስተናጋጇን ፊት ነው። ደመወዟ የዘገየባት፣ ሰው ፊት የምትሰደብ ልጅ ለደንበኛ ሳቂ ብትባል ከየት ታመጣዋለች? ሠራተኛችሁን ያዙ፣ እሷ ደንበኛውን ትይዝላችኋለች።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አራት ነገር ሞክሩ። ጠዋት ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ክፈቱ። የገባውን ሰው ሁሉ ከስልካችሁ ቀና ብላችሁ ሰላም በሉት። የማትደርሱበትን ቀጠሮ አትስጡ። አንድ ደብተርም ግዙ።

ማታ ሱቃችሁን ስትዘጉ ደግሞ በዚያ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ድሮ ይመላለስ የነበረ አሁን ግን የጠፋ የአምስት ሰው ስም ጻፉ። ከዚያ ደውሉ፣ ወይም መንገድ ላይ ስታገኙት አስቁሙት። «ለምን ቀረህ?» ብላችሁ አትውቀሱት። «ጠፋህ፣ ደኅና ነህ ወይ? ያስቀየምንህ ነገር ካለ ንገረን» በሉት። ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ሰፈር ቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ በአምስት ብርም ተቀይሞ ሊሆን ይችላል። ከአምስቱ ሁለቱ ቢመለሱ ያቺ ደብተር ዋጋዋን ከፈለች።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ገበያችሁ ይድራ! ቸር ሰንብቱ።